ዘርና ሥልጣን፦ የኒኮላይ ቫቪሎቭ ታሪክ

በ1927 መጀመሪያ ላይ አንድ የ39 ዓመት ሩሲያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከጂቡቲ ተነሥቶ በባቡር ወደ ኢትዮጵያ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በዚያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረትና በኢትዮጵያ መካከል የዲፕሎማሲ ግንኙነት ገና አልተመሠረተም ነበር። ሰውየው ግን የመጣው ለፖለቲካ ጉዳይ አልነበረም፤ የሚፈልገው ገበሬው ከጎተራው እፍኝ ዘግኖ የሚሰጠውን እህል ነበር። በቅሎ ጭኖ ወደ ሰሜን ለመጓዝ የመንግሥት ፈቃድ ስላስፈለገው ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘንድ ቀረበ። ከሞተ በኋላ በ1962 በታተመው «አምስት አህጉራት» በተሰኘው የጉዞ ማስታወሻው ላይ እንደሚተርከው፣ አልጋ ወራሹ ስለ አገሩ፣ ከሁሉም በላይ ስለ አብዮቱና ስለ ንጉሣዊው ቤተ መንግሥት ዕጣ አጥብቀው ጠየቁት።

ያን ጥያቄ ታሪክ ከ47 ዓመት በኋላ በጠያቂው ላይ መለሰው፤ ዙፋናቸውን አጥተው በ1975 በእሥር ላይ እንዳሉ ሞቱ። ይህን የማያውቅ የዚህ መጽሔት አንባቢ የለም። ብዙዎቻችን የማናውቀው የተጠያቂውን መጨረሻ ነው። ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ከጠያቂው 32 ዓመት ቀድሞ፣ ሊያገለግለው በተነሣው አብዮት ስም በተዘጋበት ወህኒ ቤት ውስጥ ሞተ። ሰውን ከረኀብ ለማውጣት ዕድሜውን የፈጀው ሰው እሱ ራሱ በረኀብ መንምኖ አለቀ። የሳይንስ ታሪክ ታላላቅ ምዕራፎች ሲቆጠሩ የጋሊሌዮ ፍርድ ሁልጊዜ ይነሣል፤ በዚያ ፍርድ ከወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበረች ነገሩን መናገር ለተራማጅ ሰው አይከብደውም። የቫቪሎቭ ፍርድ የወጣው ግን ከራሳችን ቤት ነውና ይከብዳል። ይህ ጸሐፊ ብዕሩን ያነሣውም ስለዚሁ ነው።

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ልጅነት ተነሥቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር፤ ይህች የትውልድ ነገር ኋላ ትመጣለች። የእርሻ ሳይንስን በሞስኮ ከተማረ በኋላ በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ፣ ለውርስ ጥናት «ጄኔቲክስ» የሚለውን ስም ካወጣለት ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ሠራ። በአብዮቱ ዓመት በ1917 በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ የፕሮፌሰርነት ሥራ ያዘ፤ በ1920 እዚያው በተደረገ የዘር አዳቃዮች ጉባኤ ላይም ስሙን ያስጠራውን ሐሳብ አቀረበ።

ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ዝምድና ያላቸው ዕፅዋት የሚለዋወጡት በዘፈቀደ ሳይሆን ጎን ለጎን በሚሄድ መሥመር ነው። በአንዱ የስንዴ ወገን ውስጥ ነጭና ቀይ፣ ጢም ያለውና ጢም የሌለው ዓይነት ከተገኘ፣ በዘመዱም ውስጥ ያው ተርታ ሊገኝ ይገባል፤ እስካሁን ካልታየም ገና አልተፈለገም ይባላል እንጂ የለም አይባልም። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ነገሩን ከሜንዴሌዬቭ የኬሚካል ንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ጋር ያመሳሰሉ ነበሩ። ሜንዴሌዬቭ በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ቦታ እየተወ ገና ያልታወቁ ንጥረ ነገሮችን እንደተነበየ ሁሉ፣ ቫቪሎቭም እሱ ራሱ ያላያቸውን እህሎች ተነበየ።

በሚቀጥለው ዓመት ድርቅና የእርስ በርስ ጦርነት ያመጡት ረኀብ በቮልጋ አካባቢ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ቫቪሎቭ በዚያው በ1921 ወደ ፔትሮግራድ ተዛውሮ የተግባራዊ ዕፅዋት ጥናት መሥሪያ ቤትን መምራት ጀመረ። ጥያቄውም ይህ ነበር፦ ድርቅን፣ ውርጭንና ዋግን የሚችል ዘር ከየት ይገኛል? መልሱን በ1926 ባሳተመው ሥራው ሰጠ። የእርሻ ዕፅዋት በምድር ላይ እኩል አልተበተኑም፤ ልዩ ልዩ ዓይነታቸው ተከማችቶ የሚገኝባቸው ጥቂት፣ አብዛኛውን ጊዜም ተራራማ የሆኑ አገሮች አሉ፤ የጥንቱ ገበሬ ከዱር አውጥቶ ያላመዳቸውም በእነዚያ ነው አለ። እንግዲህ ዘር አዳቃይ የሚመኘው ሀብት ሁሉ ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከእነዚያ ተራሮች ይፈለጋል ማለት ነው። ከቆጠራቸው ማዕከሎች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ስለዚህ መጣ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎንደርና በአክሱም በኩል አሥመራ ድረስ በበቅሎ ዘለቀ፤ በየመንገዱም በሺህ የሚቆጠር የእህል ናሙና ሰበሰበ። አንድ ዓይነት ዘር ብቻ በሰፊ ማሳ ላይ ማየት ለለመደ ዓይን ያየው ነገር እንግዳ ነበር። በአንድ ጥማድ መሬት ላይ ብዙ ዓይነት ስንዴ ተደባልቆ ቆሟል፤ ከመካከሉም በሌላ አገር ያልተለመደው፣ ፍሬው የወይን ጠጅ መልክ ያለውና እኛ «ጥቁር ስንዴ» የምንለው አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ማካሮኒ ከሚሠራበት ከጠንካራው ስንዴ ወገን ጢም የሌለው ዓይነት ይኖራል ብሎ የ1920ው ሕግ አመልክቶ ነበር፤ ይኸው ጢም አልባ ስንዴ በኢትዮጵያ ማሳ ላይ ቆሞ ተገኘ። የሠንጠረዡ ባዶ ቦታ ሞላ። በ1931ም ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎች ብቻ የሚናገር ራሱን የቻለ ሥራ አሳተመ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። «ቫቪሎቭ አገኘ» እንላለን፤ ማን ፈጠረው ብለን ግን አንጠይቅም። ገበሬው ስንዴውን ደባልቆ የሚዘራው ከስንፍና ወይም ካለማወቅ አልነበረም፤ ዝናቡ ቢያጥር አንዱ፣ ዋግ ቢመታ ሌላው እንዲተርፍለት ነው። ገብሱንም ለጠላ የሚሆነውን፣ ለቆሎ የሚሆነውን፣ ለበሶ የሚሆነውን ለይቶ ያውቃል። ከአዝመራው መካከል የተመረጠውን ዛላ ለይታ ለከርሞ ዘር ከጣሪያ ሥር የምትሰቅል ሴት ስሟ በማንኛውም የሳይንስ መዝገብ ላይ አልተጻፈም። ጤፍን፣ ኑግንና እንሰትን ከዱር አውጥቶ ለማዕድ ያበቃው፣ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ሲገብር የኖረው ፊደል ያልቆጠረ ሕዝብ ነው። በዘመኑ ወደ አገራችን የሚመጡ ፈረንጆች ሐውልትና ብራና ሲቆጥሩ፣ ቫቪሎቭ የገበሬውን ጎተራ እንደ ቤተ መጻሕፍት አነበበው። ታላቅነቱ በዚህ ላይ ነው። ገበሬው ግን ከዚህ ሁሉ ያገኘው ነገር የለም። ለምሳሌ፣ ክሽክሽ እያስተላለፈ ገብስን ከሚያቀጭጨው ቫይረስ የሚከላከል አንድ ጂን ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ የካሊፎርኒያን የገብስ እርሻ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ዘሩን በሺህ ዓመታት ያሳደገው ሕዝብ ከትርፉ ተካፋይ አልሆነም።

ለእውነቱ ሲባል አንድ እርማት ልጨምር። ቫቪሎቭ የዓይነት ብዛት ባለበት ሁሉ የዘሩ የትውልድ ቦታ እዚያው ነው ብሎ ያምን ነበር። የኋላ ተመራማሪዎች ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑን፣ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የበዙትና የተለያዩት ከገቡ በኋላ መሆኑን አስረድተዋል። እንግዲህ ቫቪሎቭ ተሳስቷል። ነገር ግን የተናገረው ሊመረመርና ሊረታ በሚችል መልክ ነበርና፣ የረቱት እሱ ራሱ የሰበሰበውን ዓይነት ማስረጃ ይዘው ነው። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ።

አሁን ወደ ሌላው ሰው እንለፍ። ትሮፊም ሊሴንኮ በ1898 በዩክሬን ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ዘርን አርጥቦ በብርድ በማቆየት የስንዴን ጠባይ መለወጥ፣ ምርቱንም ማብዛት ይቻላል ብሎ ተነሣ። ብርድ በዘር ላይ የሚያመጣው ውጤት ቀድሞም የታወቀ ስለሆነ መነሻው ሐሰት አልነበረም። ሐሰቱ በዚያ ላይ የተቆለለው ነው፤ በአንድ ዘር ላይ በብርድ የመጣ ለውጥ ለልጅ ልጁ ይወረሳል፣ ጂን የሚባል ነገር የቡርዥዋ ፈጠራ ነው፣ ይህን የማይቀበል ሊቅም የአብዮቱ ጠላት ነው እስከ ማለት ደረሰ።

እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ጆሮ አገኘ? በእኔ አስተያየት መልሱ በሊሴንኮ ጠባይ ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው በዘመኑ የፖለቲካ ሁኔታ ውስጥ ነው። ከ1929 ጀምሮ ገበሬው በግዴታ ወደ ጋራ እርሻ ገባ፤ በ1932 እና በ1933 በተለይ በዩክሬንና በካዛክስታን ሚሊዮኖች በረኀብ አለቁ። ጥፋቱ የፖሊሲ ነው እንዳይባል ጥፋተኛ ተፈለገ፤ ተአምርም ተፈለገ። ከ10 ዓመት በላይ የሚፈጀው አዲስ ዘር የማውጣት ሥራ በአራትና በአምስት ዓመት እንዲያልቅ በ1931 መንግሥት አዘዘ። ቫቪሎቭ ዘር እንደ ፋብሪካ ዕቃ በትእዛዝ አይወጣም ሲል፣ ሊሴንኮ ከታዘዘውም ባነሰ ጊዜ አደርሳለሁ አለ። ማስረጃው ደግሞ ለጋራ እርሻ ሊቃነ መናብርት የተበተነ መጠይቅ ነበር። እዚህ ላይ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪነቴ ዝም አያሰኘኝም፦ ጎረቤቱ በአሻጥር ተከሶ ሲታሠር ያየ ሊቀ መንበር፣ ከበላይ የመጣ ዘዴ በማሳው ላይ እንዳልሠራ በወረቀት ላይ ይጽፋል ወይ?

ቫቪሎቭንም ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ከ1929 ጀምሮ የእርሻ ሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት እሱ ሳለ፣ ሊሴንኮን አመስግኗል፣ ለማዕርግም አጭቶታል። ከገበሬ ወገን የተነሣን ወጣት መደገፍ ግዴታው መስሎት ይሆናል፤ ወይም አለመደገፉ ያስከተለውን ይሆናል ፈርቶ። በሁለቱም መንገድ ኋላ የሚያንቀውን እጅ ራሱ አጠንክሯል።

በየካቲት 1935 በክሬምሊን በተደረገ የጋራ እርሻ ምርጥ ሠራተኞች ጉባኤ ላይ ሊሴንኮ ተነሥቶ የመደብ ጠላት ሊቅ ሆነም አልሆነም ያው የመደብ ጠላት ነው ሲል፣ ስታሊን ከመድረክ ላይ ብራቮ ብሎ በጭብጨባ አጸናለት። ከዚያች ቀን ወዲያ ክርክሩ የሳይንስ መሆኑ ቀረ። የነጋዴ ልጅ የሆነው ሊቅና የገበሬ ልጅ የሆነው ፈጣሪ ሲተያዩ ፍርዱ ከትውልድ ሐረጋቸው ተነበበ። በታኅሣሥ 1936 በተደረገው ትልቅ ክርክር ላይ ከቫቪሎቭ ወገን ከቆሙት አንዱ አሜሪካዊው ኸርማን ሙለር ነበር፤ በሶሻሊዝም አምኖ በ1933 ሶቪየት ኅብረት የገባ ሰው ነው። በሚቀጥለው ዓመት አገሩን ለቆ ለመሄድ ተገደደ፤ በ1946 የኖቤልን ሽልማት አገኘ።

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ያነበበ አንድ ጓደኛዬ፣ «ይህን ማንሣት ለጠላት መሣሪያ ማቀበል አይሆንም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነውና መልስ ይገባዋል። በ1936 ሞስኮ ውስጥም ብዙ ቅን ሰዎች ይህንኑ ብለው ዝም ብለዋል፤ ለዝምታቸውም በቂ የሚመስል ምክንያት ነበራቸው። በጀርመን ናዚዎች የውርስ ጥናትን ለዘረኝነታቸው መሣሪያ አድርገውት ነበርና፣ ጄኔቲክስን የሚያጠቃ ሁሉ ፋሺዝምን ያጠቃ ይመስል ነበር። ነገር ግን ያ ዝምታ ለማን ጠቀመ? ለጠላት መሣሪያ ያቀበሉት ቫቪሎቭን ያሠሩት እንጂ መታሠሩን የተናገሩት አይደሉም። ደግሞም የእውነት መለኪያ ተግባር ነው ብሎ የሚያስተምር ፍልስፍና፣ የማሳውን ውጤት ትቶ የጉባኤውን ጭብጨባ መለኪያ ካደረገ ራሱን ክዷል። ጓደኛዬ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልተስማማም። እኔም እሱ ስላልተስማማ ብቻ ጠላት ነው አልለውም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በ1937 በሞስኮ ይደረጋል ተብሎ የነበረው ዓለም አቀፍ የጄኔቲክስ ጉባኤ ቀረ፤ በ1938 ሊሴንኮ የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ። የቀረው ጉባኤ በ1939 በኤዲንበርግ ሲከፈት ቫቪሎቭ በፕሬዚዳንትነት ተመርጦ ሳለ መንግሥቱ እንዳይሄድ ስለ ከለከለው ወንበሩ ባዶ ዋለ። በዚያው ዓመት ለመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች ሲናገር፣ ወደ እሳቱ ቢወስዱን እንቃጠላለን እንጂ ከእምነታችን አናፈገፍግም አለ።

ኦገስት 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ለመሰብሰብ ወጥቶ ሳለ ተያዘ። ባልደረቦቹ ትቶት በሄደው ከረጢት ውስጥ ከዚያ አገር የለቀመውን ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት አገኙ። ወደ 400 ጊዜ ያህል ከተመረመረ በኋላ በጁላይ 1941 በአሻጥርና በስለላ ወንጀል ሞት ተፈረደበት፤ ኋላ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እሥራት ተለወጠለት። የተዛወረበት ወህኒ ቤት የሚገኘው በሳራቶቭ ነው፤ ይኸውም ሕጉን ለዓለም ባበሠረባት ከተማ። በ1942 የለንደኑ የንጉሣዊ ማኅበር የውጭ አገር አባል አድርጎ ሲመርጠው ቫቪሎቭ ክፍሉ ውስጥ እየመነመነ ነበር። ጃንዋሪ 26 ቀን 1943 ሞተ።

በዚያው ወራት የናዚ ጦር ሌኒንግራድን ከቦ ነበር። ከቫቪሎቭ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ከመቶ ሺህ በላይ የዘር ናሙና ተቀምጧል፤ ሩዝ፣ ስንዴ፣ ምስር፣ ለውዝ፣ ከኢትዮጵያ የመጣው ገብስም ጭምር። ከተማው በረኀብ ሲያልቅ፣ የጠባቂዎቹ ቁጥር በየሳምንቱ ሲቀንስ፣ ዘሩን የበላ አልተገኘም። የሩዝ ስብስብ ኃላፊ የነበረው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺህ በሚቆጠር የሩዝ ጥቅል መካከል በረኀብ ሞተ፤ የለውዝ ጥናት ባለሙያው አሌክሳንደር ሽቹኪን ከሥራ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሞተ። አለቃቸው የሕዝብ ጠላት ተብሎ በሚሞትበት ጊዜ እነዚህ ለሕዝብ ዘር ይጠብቁ ነበር። ከተባባሪዎቹ መካከል ጆርጂ ካርፔቼንኮ በጁላይ 1941 በጥይት ተደብድቧል። የገዛ ወንድሙ የፊዚክስ ሊቁ ሰርጌይ ቫቪሎቭ ግን በ1945 የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ተደርጎ ተሾመ፤ ወንድምን ገድሎ ወንድምን መሾም እንዴት ያለ መንግሥት ነው ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱን ይህ ጸሐፊም አላገኘውም።

በ1948 በጋ ላይ በተደረገው የአካዳሚው ስብሰባ ሊሴንኮ ንግግሩን የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ አይቶ እንዳጸደቀው ገለጠ፤ ጄኔቲክስም በሶቪየት ኅብረት በይፋ ተከለከለ። የንግግሩን ረቂቅ ስታሊን በገዛ እጁ አርሞታል፤ ማኅደሩ ከተከፈተ በኋላ የታየው ነገርም ያስገርማል። ማንኛውም ሳይንስ የመደብ ነው በሚለው ዓረፍተ ነገር ጎን ስታሊን የሳቅ ድምፅ ጽፎ፣ ሂሳብስ? ዳርዊንስ? ብሎ ጠይቋል። እንግዲህ ብዙ ሰው የታሠረበትን መፈክር ያጸደቀው ሰው ራሱ በመፈክሩ አያምንበትም ነበር ማለት ነው። እነ ዋትሰንና ክሪክ በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ ሲገልጡ፣ ቫቪሎቭን ባፈራው አገር ጂን አለ ብሎ ማስተማር ከሥራ ያስወጣ ነበር። ቫቪሎቭ በ1955 ከወንጀል ነጻ ተባለ። ሊሴንኮ ግን በክሩሽቾፍም ዘመን ተደላድሎ ኖሮ ሥልጣኑን ያጣው ክሩሽቾፍ በ1964 ከወረደ በኋላ ነው፤ በ1976 በተፈጥሮ ሞት ሞተ።

በዚያው በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ተቋቋመ። በ1984 እና በ1985 ድርቅ ሲጸና፣ ልጆቹን ለማትረፍ የዘሩን እህል ቆልቶ የበላው የወሎ ገበሬ ከሌኒንግራዱ ሊቅ ያነሰ ሰው ስለሆነ አልነበረም፤ በቤቱ የቀረው እሱ ብቻ ስለ ነበረ ነው። እነ ዶክተር መላኩ ወረደ ያን ጊዜ ሊጠፋ የተቃረበውን ዘር ከየመንደሩ አስቀድመው ሰብስበው አኖሩ፣ ኋላም ለገበሬው እንዲመለስ አደረጉ። ዶክተር መላኩ በ1989 ለዚህ ሥራቸው የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቫቪሎቭ እሥር ላይ ሳለ በ1942 ለባለ ሥልጣኖቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ ስለ ዓለም እርሻ ታሪክ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ አብዛኛውን እንደጨረሰ ይናገራል። ያለ መጻሕፍት፣ ከትዝታው ብቻ የጻፈው ነው። ረቂቁ አልተገኘም።